የሚመጣውን ፕሮሰሰር እንጠብቅ ወይስ ባለው እንገጣጥም?

«አሁን ልገጣጥም ወይስ አዲሱ ትውልድ እስኪወጣ ልጠብቅ?» ይህ ጥያቄ የራሳቸውን የጨዋታ ኮምፒዩተር ለመሥራት ገንዘብ በሚያጠራቅሙ ተማሪዎች ዘንድ ዘወትር ይነሣል። ጥያቄው የሚያረጅ አይደለም። ኢንቴልና ኤኤምዲ የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የፕሮሰሰር ኩባንያዎች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አዲስ ትውልድ ስለሚያስተዋውቁ፣ መጠበቅ የፈለገ ሰው የሚጠብቀው ነገር አያጣም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምንመረምረው ለኒውዮርክ ወይም ለቶኪዮ ነዋሪ ሳይሆን ለድሬዳዋ ተማሪ ነው። በድሬዳዋ ሆኖ መጠበቅ በሌላ ከተማ ሆኖ ከመጠበቅ ጋር አንድ አይደለም። የብር ምንዛሪ፣ የሰኔ ሙቀት፣ የመብራት መቆራረጥና ዕቃው የሚመጣበት መንገድ ሁሉ በስሌቱ ውስጥ ይገባሉ።

ጉዳዩ የቅንጦት ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። አንድ ተማሪ ለጨዋታ ብሎ የሚገጣጥመው ኮምፒዩተር፣ ከጨዋታው ሌላ፣ ፕሮግራም የሚጽፍበት፣ በብሌንደር የሦስት አውታር ሥዕል የሚሠራበት፣ በጎዶት ወይም በዩኒቲ የራሱን ጨዋታ የሚሞክርበት፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅበት መሣሪያ ነው። ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው አይደለም። ከወላጅ፣ ከታላቅ ወንድም ወይም እኅት፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ተሰባስቦ የሚመጣ ነው። በፕሌይስቴሽን ቤት በሰዓት እየከፈለ መጫወት የለመደ ወጣት ይህን ገንዘብ አንዴ ያለ ቦታው ካዋለው ሁለተኛውን ዕድል የሚያገኘው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ስድሳ ስድስቱ ቀናት

መጠበቅ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ቅርብ አጋጣሚ አለ። ግንቦት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2024) ኤኤምዲ በታይዋን ዋና ከተማ በታይፔ በተካሄደው የኮምፒዩቴክስ ዐውደ ርእይ ላይ ራይዘን 9000 የተባለውን የፕሮሰሰር ትውልድ አስተዋወቀ። ኩባንያው አዲሱ ፕሮሰሰር በአንድ የሰዓት ምት የሚሠራው ሥራ ከቀዳሚው በአማካይ 16 በመቶ እንደሚበልጥ ተናገረ። ይህን የሰማ ገዢ «እንግዲያውስ ጥቂት ሳምንታት ልታገሥ» ቢል የሚነቀፍ አይሆንም። የመሸጫው ቀን ከጁላይ 31 ትንሽ ተገፍቶ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፕሮሰሰሮች ነሐሴ 2 ቀን 2016 ዓ.ም. (ኦገስት 8) ለገበያ ቀረቡ። ራይዘን 5 9600ኤክስ በ279 ዶላር፣ ራይዘን 7 9700ኤክስ በ359 ዶላር ነበር። ከማስተዋወቂያው እስከ ሽያጩ ድረስ የነበረው ጊዜ 66 ቀን ብቻ ነው።

በእነዚህ 66 ቀናት ውስጥ በአገራችን ምን ሆነ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት በነበረው ተመን አንድ የአሜሪካ ዶላር 57 ብር ከሃምሳ ሣንቲም ገደማ ነበር፤ በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ከፍ አለ፤ ወሩ ሳይሞላም 100 ብርን ተሻገረ። የ600 ዶላር ዕቃ በቀድሞው ተመን 34,500 ብር ነበር። በ100 ብር ተመን ግን 60,000 ብር ሆነ። ገንዘቡን በብር ይዞ የጠበቀ ሰው 16 በመቶ የፍጥነት ጭማሪ ሲጠብቅ ከ70 በመቶ በላይ የዋጋ ጭማሪ ቆየው ማለት ነው።

እርግጥ ይህ ስሌት ጫፉን የሚያሳይ መሆኑን መግለጽ ይገባናል። ከተመን ለውጡ በፊትም ቢሆን ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሱቆች የሚሸጠው በባንኩ ተመን ተሰልቶ አልነበረም። በትይዩው ገበያ ዶላር ከባንኩ ዋጋ እጅግ ከፍ ብሎ ይሸጥ ስለነበር የሱቁ ዋጋ አስቀድሞ ያንን ተሸክሞ ነበር። ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ የታየው ጭማሪ ከባንኩ ጭማሪ ያነሰ ነው። አቅጣጫው ግን አይለወጥም። በድሬዳዋ የሚጠብቅ ሰው ሁለት ሩጫዎችን በአንድ ጊዜ ይመለከታል፤ በአንዱ የሲሊከን ዋጋ በዶላር ይወርዳል፣ በሌላው ዶላር በብር ይወጣል።

ቀልዱ ደግሞ ይህ ነው። ተጠባቂው ፕሮሰሰር በመጨረሻ ተገኝቶ ሲመረመር፣ በጨዋታ ላይ ያሳየው ብልጫ በብዙ ገምጋሚዎች ሚዛን ጥቂት በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። 16 በመቶ የተባለው ውሸት አልነበረም፤ አማካዩ የተወሰደው ከልዩ ልዩ ሥራዎች በመሆኑ ነው። ከዚህም በላይ አዲሱ ፕሮሰሰር የሚገጠመው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ኤኤም5 በተባለው ሶኬት ላይ ነበር። ይኸውም በግንቦት ወር ባለው ፕሮሰሰር የገጣጠመ ሰው፣ ከፈለገ፣ የማዘርቦርዱን ባዮስ አሳድሶ በኋላ አዲሱን ሊተካበት ይችል ነበር ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በድሬዳዋ «ታይዋን» ሲባል ብዙዎች ቀድመው የሚያስታውሱት ደሴቲቱን ሳይሆን ኤሌክትሮኒክሱና ልብሱ የሚሸጥበትን ገበያ ነው። ስያሜው ከተጠበቀው በላይ የሰመረ ይመስለናል። የራይዘን ፕሮሰሰሮች እምብርት የሆነው ሲሊከን የሚታተመው በእርግጥም ታይዋን ውስጥ ቲኤስኤምሲ በተባለው ኩባንያ ነው። ኢንቴል እንኳ በ2024 ላወጣው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር የማስላት ክፍሉን ያሳተመው በዚሁ ኩባንያ ነበር።

የአሪዞናዎቹ ስሌት

መጠበቅ ያዋጣ እንደሆነ በሒሳብ መመርመር ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በቁም ነገር አንሥተው ነበር። ጽሑፋቸው የሙር ሕግና ሥራ መለገም በትልልቅ ስሌቶች ላይ ስላላቸው ውጤት የሚያወሳ ነው። የሙር ሕግ የሚባለው የኢንቴል መሥራቾች አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር በ1965 ያቀረበውና በ1975 ያረመው ትንበያ ሲሆን፣ በአንድ ችፕ ላይ የሚያርፉት ትራንዚስተሮች ቁጥር በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንደሚያጥፍ ይናገራል። በዚያ ዘመን የኮምፒዩተር ኃይል በየ18 ወሩ እንደሚያጥፍ ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ ተመራማሪዎቹም በዚህ ተነሡ።

ስሌታቸው ቀላል ነው። ዛሬ ባለው ማሽን 40 ወር የሚፈጅ ሥራ አለ እንበል። ዛሬውኑ ገዝቶ የሚጀምር በ40ኛው ወር ይጨርሳል። 11 ወር ያህል ያለ ሥራ ቆይቶ በዚያን ጊዜ የሚገኘውን ፈጣን ማሽን የሚገዛ ሰው ግን ሥራውን በ26 ወር ስለሚፈጽመው በ37ኛው ወር ገደማ ያበቃል። የለገመው ቀደመ! ካልኩለስ የተማራችሁ አንባቢያን ጠቅላላውን ጊዜ በመጠበቂያው ጊዜ ዴሪቬቲቭ ወስዳችሁ ከዜሮ ጋር ብታስተካክሉት ድንበሩን ታገኙታላችሁ። 18 ወር ለ2 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም፣ ማለትም ለ0.693 ሲካፈል 26 ወር ይሆናል። ከ26 ወር የሚበልጥ ሥራ መጠበቅ ያዋጣዋል፤ የሚያንስ ሥራ ግን ዛሬውኑ መጀመር አለበት።

አሁን ቁጥሩን በዘመናችን እንተካው። በጨዋታ ላይ የፕሮሰሰር ፍጥነት በየሁለት ዓመቱ 15 በመቶ ያድጋል ብለን እናስብ። ይህ የእኛ የስሌት መነሻ ነው፤ አንባቢው በወደደው ቁጥር ሊለውጠው ይችላል። 24 ወር ለ1.15 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ሲካፈል 172 ወር ገደማ ይመጣል። ይህም ከ14 ዓመት በላይ ነው። ለጋስ ሆነን ዕድገቱን 30 በመቶ ብናደርገው እንኳ ድንበሩ ከ7 ዓመት ተኩል አያንስም። በአሪዞናዎቹ ሚዛን ዛሬ ለፍጥነት ሲል ሊጠብቅ የሚገባው ሥራው ከዚህ ሁሉ ዓመት በላይ የሚወስድበት ሰው ብቻ ነው። ጨዋታ ደግሞ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ጥቅሙ በየምሽቱ የሚገኝ በመሆኑ፣ ሳይገዙ ያለፈው ምሽት በኋላ በሚመጣው ፍጥነት ተመልሶ አይገኝም።

ዕድገቱ ለምን ቀዘቀዘ?

ከ18 ወር እጥፍ ወደ 15 በመቶ እንዴት ወረድን? መልሱ ከትራንዚስተር ቁጥር ይልቅ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ሮበርት ዴናርድ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አንድ መልካም ዜና አቅርቦ ነበር። ትራንዚስተር ሲያንስ የሚፈልገው ቮልቴጅም ዐብሮ ሊቀነስ ስለሚችል፣ በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ሳይጨምር ፍጥነቱን ማሳደግ ይቻላል የሚል ነበር። በሚቀያየር ዑደት የሚባክነው ኃይል ከድግግሞሹ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌሩ ስለሚዛመድ፣ ቮልቴጅን መቀነስ ታላቅ ትርፍ ነበረው። ከ5 ቮልት የተነሣው የፕሮሰሰር ቮልቴጅም ወደ 1 ቮልት አካባቢ ወረደ።

እዚያ ላይ ግን ቆመ። ቮልቴጁ ከዚያ በታች ሲወርድ ትራንዚስተሩ «ተዘጋ» ሲባል በሚገባ አይዘጋም፤ እንደማይጠብቅ ቧንቧ ጅረቱን ያንጠባጥባል። ይህ መንጠባጠብ ራሱ ሙቀት ነው። ውጤቱ በአንድ ኩባንያ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ኢንቴል ፔንቲየም 4ን እ.ኤ.አ. በ2004 እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ አደረሰ፤ የታሰበውን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ግን በዚያው ዓመት ሰረዘው።

ሁለት የሃያ ዓመት ዘመናትን ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ1984 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኤቲ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር በ6 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር። በ2004 ፔንቲየም 4 3,800 ሜጋኸርዝ ደረሰ፤ ይህ ከ600 እጥፍ በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ግን፣ በ2024 የወጣው የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬኤስ የደረሰበት ጫፍ 6.2 ጊጋኸርዝ ነው። እጥፍ እንኳ አልሞላም። ፍጥነቱ ከዚያ ወዲህ የመጣው ከሰዓት ምቱ ይልቅ ከብዙ እምብርት፣ ከተሻለ የውስጥ አደረጃጀትና ከቅርብ ማኅደረ ትውስታ ነው።

ስለ ቅርብ ማኅደረ ትውስታ፣ ማለትም ስለ ካሽ፣ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ጨዋታ ወዳዱን ከሁሉ በላይ የጠቀመው እርሱ ነውና። ፕሮሰሰር የሚፈልገውን መረጃ ከራም ማምጣት ሲኖርበት ብዙ የሰዓት ምት በከንቱ ያልፍበታል። ወጥ እየሠራች ያለች እናት ጨው ባለቀባት ቁጥር ከሳቢያን መጋላ ድረስ ብትሄድ ወጡ መቼ ይደርሳል? ካሽ በጓዳ እንደ ተቀመጠ ጨው ነው። ኤኤምዲ በኤፕሪል 2022 ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ በችፑ ላይ ተጨማሪ የካሽ ንብብር በመደረብ የሦስተኛውን ደረጃ ካሽ ከ32 ወደ 96 ሜጋባይት አሳደገው። የሰዓት ምቱ ከወንድሙ ከ5800ኤክስ ያነሰ ነበር፤ በብዙ ጨዋታዎች ግን በለጠው፣ ከእርሱ በኋላ ከወጡ ትውልዶችም ጋር ተፎካከረ። የተገጠመውም በአሮጌው ኤኤም4 ሶኬት ላይ ነው። በ2017 ማዘርቦርድ የገዛ ሰው በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ባዮስ አሳድሶ ይህን ፕሮሰሰር ሊተክልበት ችሏል። ወደፊት የሚያስኬድ ሶኬት መርጦ መግዛት ማለት ይህ ነው። በአንጻሩ ኢንቴል ለ12ኛው፣ ለ13ኛውና ለ14ኛው ትውልድ ያገለገለውን ሶኬት በ2024 በሌላ ተክቶታል።

ማን ማንን ይጠብቃል?

ከሁሉ በፊት መጠየቅ የሚገባው ግን «የእኔን ጨዋታ የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ ነውን?» የሚለው ነው። ጨዋታ በማያ ገጹ ላይ የሚታየው በፍጥነት እየተተካኩ በሚሄዱ ሥዕሎች፣ ማለትም ፍሬሞች ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማሳየት እያንዳንዱ በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። ፕሮሰሰሩ ኳሱ የት እንደደረሰ፣ ተጫዋቹ ወዴት እንደዞረ፣ ምን ምን መሣል እንዳለበት ያሰላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ይሥላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ፕሮሰሰሩ የአሁኑን ሲያሰላው ካርዱ የቀደመውን በመሣል ላይ ነው።

አንዲት ሴት ሊጥ ትቀዳለች፣ ሌላዋ ምጣድ ላይ ታሰፋለች እንበል። አንድ እንጀራ ለመብሰል ሦስት ደቂቃ ከፈለገ፣ የምትቀዳዋ እጇን ብታፋጥን በሰዓት የሚወጣው እንጀራ ቁጥር አይጨምርም። እንደዚሁ ፕሮሰሰሩ ፍሬሙን በ8 ሚሊሰከንድ፣ ካርዱ ግን በ16 ሚሊሰከንድ የሚያዘጋጁ ከሆነ የሚታየው በሰከንድ 62 ፍሬም ገደማ ነው። ከሁለት ዓመት ጥበቃ በኋላ 8ቱን ሚሊሰከንድ ወደ 6 የሚያወርድ ፕሮሰሰር ቢመጣም ውጤቱ ያው 62 ነው። በተለይ ማያ ገጹ ባለ 60 ኸርዝ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚመረተው ፍሬም ለዓይን አይደርስም። መካከለኛ በጀት ያለው ተማሪ በአብዛኛው ምጣዱ የጠበበበት ነው። ስለሆነም የሚመጣውን ፕሮሰሰር ከመጠበቅ፣ ዛሬ ርካሽ ፕሮሰሰር ወስዶ የተረፈውን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ማዋል ይሻለዋል።

ለመመርመር ማሽን አያስፈልግም። ጨዋታውን በሚያውቁት ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ የሥዕሉን ጥራት መቀነስ ነው። ፍሬሙ በብዙ ከጨመረ ያዘገየው ካርዱ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ግን ፕሮሰሰሩ ነው።

በጀቱ ከዚህም ያነሰ እንደሆነ ሌላ መንገድ አለ። ከውጭ የሚመጡ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ላይ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ብቻ ኃይል የሚወስድ ካርድ መጨመር ይቻላል። ይህ ቀዳዳ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 በዚህ ኃይል የሚሠሩ ሞዴሎች አሉት፤ ስለዚህ የቢሮውን ደካማ ፓወር ሰፕላይ መለወጥ አያስፈልግም። ከመግዛት በፊት የካርዱ ቁመት ከኬዙ ጋር መስማማቱን መለካት ግን ግድ ነው።

መጠበቅ የሚያዋጣበት ጊዜ

እስካሁን የተናገርነው በመጠበቅ ላይ ነበር። የሚያዋጣበት ጊዜ ግን አለ። በሴፕቴምበር 2020 ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 የተባለውን ካርድ በ699 ዶላር አስተዋወቀ። የወረርሽኙ ዘመን እጥረትና የክሪፕቶ ገንዘብ ቆፋሪዎች ሽሚያ ተደርቦበት በ2021 ያው ካርድ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሸጥ ጀመር። በዚያን ጊዜ የታገሠ ሰው ተጠቅሟል። ኢተሪየም የተባለው ክሪፕቶ ገንዘብ በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈርን ሲያስቀር ያገለገሉ ካርዶች በብዛት ወደ ገበያ ወጥተው ዋጋው ወረደ። እዚህ ላይ የሚጠበቀው አዲስ ትውልድ አልነበረም፤ ምክንያቱ የታወቀ የዋጋ ንረት እስኪያልፍ ነበር።

ተቃራኒውም ታይቷል። በ2025 መገባደጃ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት የማኅደረ ትውስታ ችፕ ስለተሻሙ የዲዲአር5 ራም ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ማይክሮን የተባለው አምራች ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ተጠቃሚ የሚሸጠውን ዘርፍ እንደሚዘጋ በዲሴምበር 2025 አስታወቀ። በዚያው ዓመት አጋማሽ «ራም እየረከሰ ይሄዳል» ብሎ የጠበቀ ሰው ያሰበው አልሆነለትም። ስለዚህ አሮጌ ዲዲአር4 ራም ያለው ተማሪ ያንን ራም የሚቀበል ማዘርቦርድ ይዞ መቆየቱ እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጠር አይመስለንም።

አዲስ ትውልድ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለትም ስሕተት ነው። በኦክቶበር 2024 የወጣው የኢንቴል ኮር አልትራ 200ኤስ በኤሌክትሪክ ፍጆታ ቆጣቢ ቢሆንም፣ በብዙ ጨዋታዎች ከቀዳሚው ከ14ኛው ትውልድ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኝቷል። 14ኛውና 13ኛው ትውልድ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ ነበረባቸው። ከተገቢው በላይ የሆነ ቮልቴጅ እየተላከላቸው አንዳንዶቹ ፕሮሰሰሮች ከጊዜ በኋላ መረጋጋት አቃታቸው። ኢንቴል ይህን በ2024 አምኖ በባዮስ የሚጫን እርማት አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ዋስትና ግን ለሚደርስበት ሰው ነው። ደረሰኝ በሌለው መንገድ የገባ ዕቃ ለገዛ ሰው ማራዘሚያው የሚፈይደው የለም። ይህን ዕቃ የያዘ አንባቢ ቢኖር ባዮሱን ዛሬውኑ ያሳድስ።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ የሚከተለው ነው። የሚሸጥበት ቀን ተቆርጦ የታወቀና ጥቂት ሳምንታት ብቻ የቀሩት ትውልድ ከሆነ፣ በእጅም የሚያገለግል ማሽን ካለ፣ መጠበቅ ያስኬዳል፤ ያውም ለአዲሱ ሳይሆን የአሮጌው ዋጋ እስኪሰበር። «በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል» ለሚባል ወሬ ግን መጠበቅ አያዋጣም። ዕቃው በታይፔ ከተዋወቀ በኋላም ወደ ድሬዳዋ እስኪደርስ፣ ደርሶም ዋጋው እስኪረጋጋ፣ ሌላ ጊዜ ይወስዳል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ በመጣው ባቡር ምክንያት የተቆረቆረች የንግድ ከተማ መሆኗ ሸቀጥ ያመጣላታል፤ የዓለምን ሰልፍ ግን አያስቀድማትም። ኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬትን እስከ 2027 እና ከዚያም በኋላ እንደሚደግፍ ስለገለጸ፣ ዛሬ በዚህ ሶኬት ላይ በመካከለኛ ፕሮሰሰር የሚገጣጥም ሰው ጥበቃውን ኮምፒዩተሩን እየተጠቀመ ሊቀጥለው ይችላል።

የበረሃዋ ንግሥትና ሙቀቷ

ፕሮሰሰር ሲመረጥ ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈውን ዋት ማየት ለድሬዳዋ ነዋሪ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገዋል። ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች አያወርደውም፤ በውኃ የሚሠራውም ቢሆን እንዲሁ ነው። የሚያደርገው ከአየሩ በላይ የሚኖረውን ልዩነት መገደብ ነው። በእያንዳንዱ ዋት 0.4 ዲግሪ ልዩነት የሚፈጥር ማቀዝቀዣ አለ እንበል። 100 ዋት የሚፈጅ ፕሮሰሰር ከክፍሉ በ40 ዲግሪ ይሞቃል። ክፍሉ 20 ዲግሪ በሆነበት አገር ፕሮሰሰሩ 60 ዲግሪ ላይ ይቆማል። በግንቦትና በሰኔ ቀትር 35 ዲግሪ በሆነ የድሬዳዋ ክፍል ግን 75 ይደርሳል። በ250 ዋት ከሆነ ደግሞ ስሌቱ 135 ዲግሪ ይሰጣል። ይህ ሊሆን ስለማይችል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ከፍተኛ ፍጆታ 253 ዋት ተብሎ የተመዘገበ ነው። የራይዘን 5 7600 መደበኛ መጠን ግን 65 ዋት ነው። በጠባብና በሞቃት ክፍል ውስጥ በዋጋ የሚለያዩት ሁለቱ በፍጥነት ሊቀራረቡ ይችላሉ። ብዙ የራይዘን ፕሮሰሰሮች በባዮስ ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚባል ምርጫ አላቸው። የ105 ዋቱን ፕሮሰሰር በ65 ዋት ሲያሠሩት በጨዋታ ላይ የሚጠፋው ፍጥነት ጥቂት ነው።

ስለ አየሩም አንድ ነገር እንጨምር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከ10 በመቶ በላይ ያነሰ ነው፤ የአዲስ አበባው ደግሞ በሩብ ያህል ያንሳል። ቀጭን አየር በፋኑ ውስጥ ሲያልፍ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። አዲስ አበባ አየሯ ቀጭን ቢሆንም ቀዝቃዛ ነው፤ የድሬዳዋው ወፈር ያለ ቢሆንም ሞቃት ነው። ከዚህ ላይ አቧራው አለ። ኬዙን መሬት ላይ ከማስቀመጥ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት፣ አየር በሚገባበት በኩል የሚነቀል ማጣሪያ ማድረግና በየሁለት ሳምንቱ ማራገፍ ያስፈልጋል።

ለመብራቱ መቆራረጥ ዩፒኤስ ሲገዛ በላዩ የተጻፈው ቪኤ ከዋት ጋር አንድ አለመሆኑን ማስተዋል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ዋት ከተጻፈው ቪኤ ያነሰ ስለሆነ፣ የፕሮሰሰሩን፣ የካርዱንና የማያ ገጹን ፍጆታ ደምሮ ከዋቱ ጋር ማመሳከር ይገባል። ሻጩ ማሽኑን ማታ በቀዝቃዛ አየር ከፍቶ ቢያሳይ በዚያ አይበቃም። የተገጣጠመው ኮምፒዩተር በሞቃቱ ወራት፣ በቀትር፣ በሩና መስኮቱ እንደተለመደው ሆኖ፣ ከባዱ ጨዋታ አንድ ሰዓት ተጫውቶበት ሙቀቱና የሰዓት ምቱ ይመዝገቡ። ምቱ ከመጀመሪያው አሥር ደቂቃ በኋላ እየወረደ ከሄደ መጀመሪያ የሚፈተሸው ተርማል ፔስቱና የፋኖቹ አቅጣጫ ነው፤ ቀጥሎ ኢኮ ሞድ ይሞከራል።